ፍየሏን የገደላት ማን ነው? በድሬዳዋ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ዱካ ማንበብ

ማለዳ ተጓዥ | ድሬዳዋ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰፈራችን በስተ ደቡብ፣ ቤቶቹ አልቀው ጋራው በሚጀምርበት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ዛሬ ማለዳ የጎረቤቴ ፍየል ተበልታ ተገኘች። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ያሏት ፍየሎች አራት ነበሩ፣ ሦስት ቀሩ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ነብር ነው» ብሏል። አሁን የተያዘው ምክክር የተረፈውን ሥጋ መርዝ ነስንሶ እዚያው መተው ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያመጣ ሰውም ተገኝቷል።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ሥጋ በል እንስሳት ጥርስና መንጋጋ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ግን አሸዋ ላይ ያለውን አሻራ አይቼ ይህ የእገሌ ነው ማለት አልቻልኩም። በጣም አዝኛለሁ። ሽማግሌዎቹን ለምኜ እስከ ነገ ማታ እንዲታገሱ አድርጌያለሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አሻራዎቹ አራት ጣት አላቸው። ከጣቶቹ ፊት የጥፍር ነጥብ ይታያል። ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ትልቁ በማስመሪያ ስለካው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሌሎቹ ከ6 እስከ 7 ናቸው። የፍየሏ ሆድ ዕቃና አንድ የኋላ እግሯ የለም። ጭንቅላቷ፣ አንገቷና የፊት እግሮቿ አሉ። የጎድን አጥንቶቿ ተሰባብረዋል። ደሙ አንድ ቦታ አልፈሰሰም፤ ወደ ሠላሳ እርምጃ ያህል ተንጠባጥቧል።

ነብር ይሆን? ይህንን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ከየት ልጀምር እንደሚለኝ ብሰማ ደስ ይለኛል።

---

የከዚራ ልጅ | ድሬዳዋ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:45

መምህርት፣ ሰላም። በደንገጎ በኩል ካለው ጋራ ነብር ይወርዳል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ፍየል ብቻዋን ስትሆን የሚወስዳት እርሱ ነው ይባላል። እኔም ዱካ መከታተልና ጫካ ውስጥ ማደር መማር እፈልጋለሁ፤ የሚመልሱልሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።

---

የኤረር እረኛ | ሐረር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

ልጄ፣ ጥፍሩን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ነው፤ ካልዘለለ ወይም ካላዳለጠው በስተቀር አሻራው ላይ የጥፍር ነጥብ አይገኝም። የመዳፉንም ኋላ ተመልከቺ፤ የድመት ወገን የሆነ ሁሉ የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት ጉብታ አለው። ያየሽው ጥፍር በየአሻራው የሚደጋገም ከሆነ ነብሩን ከክሱ አውጪው። የሚቀሩት ውሻ፣ ቀበሮና ጅብ ናቸው፤ ቀበሮ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እግር የለውም።

እኔ ያደግኩት በኤረር ሸለቆ ግመል ስጠብቅ ነው። አባቴ የራሱን ግመሎች ከሰው ግመል በእግራቸው ይለይ ነበር። አንዷ ስትጠፋ አሸዋው ላይ ጎንበስ ይልና «ይህቺ የእኛ ናት፤ የግራ የኋላ እግሯን ትጎትታለች፤ ያለፈችውም ጤዛ ሳይወርድ ነው» ይላል። እንዴት አወቅህ ብዬ ስጠይቀው አይመልስልኝም። በትሩን ይሰጠኝና «ተመልከት» ይለኛል። ያን ጊዜ ይቆጨኝ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ መልስ እንዳልነበረው ይገባኛል፤ ዓይን በወሬ አይሠለጥንም።

አሁን ወደ ሥራሽ። ዱካ የሚነበበው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት ወዲህ። ዱካው በአንቺና በፀሐይዋ መካከል እንዲሆን ቁሚ፤ ጥላው ጠርዙን ሁሉ ያወጣልሻል። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ጠፍጣፋ የመሰለሽ አሸዋ ማታ ሌላ ገጽ ይሆንልሻል።

በዱካው ላይ አትሂጂ፤ በጎኑ ሂጂ። አብረውሽ የሚመጡትንም ከኋላሽ አሰልፊያቸው። አንድ ቀጭን በትር ያዢ፤ ከአንዱ እርምጃ እስከ ሚቀጥለው ያለውን ርቀት በትሩ ላይ በክር እሰሪ። ዱካው ጠጠር ላይ ሲጠፋብሽ የበትሩን ጫፍ መጨረሻ ያየሽው አሻራ ላይ አድርገሽ ክሩን ወደ ፊት በግማሽ ክብ አዙሪው፤ ቀጣዩ እርምጃ ከዚያ አይርቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ የትኛው አሻራ በየትኛው ላይ አረፈ? ሁለት ዓይነት እግር ነግረሽኛል። ሬሳ አጠገብ የረገጠ ሁሉ ገዳይ አይደለም። ማን ቀድሞ እንደመጣ ሳታውቂ በማንም ላይ አትፍረጂ፤ ሰፈሩንም አታስፈርጂ።

---

ጁገል | ሐረር | ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

አባባ እንዳሉት ነው። ትልቁ አሻራ የጅብ ይመስለኛል። እኛ ሐረሮች ዋራባ እንለዋለን። የጁገል ግንብ እንኳ ለእርሱ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ማታ በእነርሱ ገብቶ መንገዱን አጽድቶ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔ የማድረው ከግንቡ አጠገብ ስለሆነ ዝናብ በጣለ ማግስት በራፌ ጭቃ ላይ አሻራውን ሳላይ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው።

የጅብን እግር ከውሻ ለመለየት ሦስት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ የጅብ የፊት እግር ከኋላው ግልጽ ሆኖ ይበልጣል፤ ክብደቱ ሁሉ ትከሻና አንገቱ ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ የውሻ መዳፍ ከመካከሉ ብታጥፊው ቀኙ ግራውን ይመስላል፤ የጅብ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ሦስተኛ፣ የጅብ ጣቶች እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ጥፍሩም አጭርና ደነዝ ነው።

ድምፁንም ስሚ። ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ጥሪ «እዚህ ነኝ» ማለት ነው፤ ከሩቅ የሚሰማው እርሱ ነው። ሰዎች ሳቅ የሚሉት ደግሞ ደስታ አይደለም፤ ሌላ ጅብ ሲያስጨንቀው ወይም ምግብ ሲቀማው የሚያሰማው ነው። ትናንት ሌሊት ጎረቤቶችሽ የሰሙት ጩኸት የቱ ነበር? ብዙ ጊዜ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ያውቃል።

ጅብ ፍየል አይገድልም አልልም፤ ይገድላል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ያገኘ ጅብ አንገትና ሁለት እግር ትቶ አይሄድም። አጥንቱን ሳይቀር ይውጣል፤ ደርቆ ነጭ ጠመኔ የሚመስለው ኩሱም ከዚያ የመጣ ነው። የፍየሏ ግማሽ ከቀረ ወይ ዘግይቶ ደርሷል፣ ወይ አንድ ነገር አባርሮታል።

---

የከብት ሐኪም | ሐረር | ማክሰኞ፣ ማታ 1:05

መምህርት፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዱካው ማን እንደመጣ ይነግርዎታል። ፍየሏን ማን እንደገደላት የሚነግርዎት ቆዳዋ ነው።

በሕይወት ያለ እንስሳ ሲነከስ ደሙ ከቆዳው ሥር ይፈስና ይረጋል። ከሞተ በኋላ ቢነከስ ልቡ ስለቆመ ደም አይሰበሰብም፤ ቀዳዳው ንጹሕና የገረጣ ይሆናል። ስለዚህ በአንገቷ፣ በፊት እግሮቿና በቀረው ጎኗ ላይ ቆዳዋን አስገፍፈው የውስጡን ገጽ ይመልከቱ። ጠቁሮ የረጋ ደም ያለበት ንክሻ የገዳዩ ነው። የሁለቱን ክራንቻ ጥርሶች ርቀትም ይለኩ።

ነብር ጉሮሮ ላይ ይይዛል፤ አንድ ቦታ፣ አጥብቆ። ከዚያም ይጎትታል፤ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ዛፍ ላይ ያደርሳታል። የለቀቁ ውሾች ግን እያባረሩ እግር፣ ታፋ፣ ጎን፣ ጆሮ ያገኙትን ይነክሳሉ። የሠላሳ እርምጃው የደም ጠብታ እኔን የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ አይርሱ። ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወርድ ከሆነ አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ምንም አይክፈቱ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። ከሌለም ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋልና ከውሻ ጋር የተነካካ ነገር በእጅ ቁስል ላይ እንዳይደርስ።

ስለ መርዙ ደግሞ በጌታ እለምንዎታለሁ፤ ሰፈሩን ያስጥሉት። የተመረዘ ሥጋ የሚመርጠው የለም። ጅቡም፣ የሰው ውሻም፣ ድመትም፣ ጥንብ አንሣም ይበላዋል። ጥንብ አንሣ በመንጋ ስለሚወርድ አንድ ፍየል ብዙ ወፍ ይገድላል። በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከቱርክ ተነሥተው በእኛ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚከርሙ ነጭ ጥንብ አንሣዎች አሉ፤ በዓለም ላይ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው። ሕፃናት የሚጫወቱበት አሸዋ መሆኑንም አይዘንጉ።

---

ማለዳ ተጓዥ | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ቀን 6:40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ከአራት ተማሪዎቼ ጋር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ፀሐይ ከጋራው ጫፍ ብቅ ስትል አባባ እንዳሉት ተጎንብሼ አየሁ። ትናንት ዝብርቅርቅ ብሎ የታየኝ አሸዋ ለየብቻው ተለየ። ይህንን ስሜት ልገልጸው አልችልም። ማንበብ የጀመርኩበትን የልጅነት ቀን አስታወሰኝ።

መጀመሪያ የፍየሏን ኮቴ አገኘን። ከወንዙ ዳር እየሮጠች ወርዳለች፤ የኮቴዎቿ ሁለት ጥፍሮች ተፈርቅቀው ጠልቀዋል፣ አሸዋው ወደ ኋላ ተረጭቷል። በሁለቱም ጎኗ የ6 እና የ7 ሴንቲ ሜትር አሻራዎች አብረዋት ሮጠዋል፤ አራት አራት ሆነው በቡድን፣ በመካከላቸው ረጅም ክፍተት። ቢያንስ ሁለት እንስሳት ናቸው። የአንደኛው የቀኝ የፊት እግር ውስጠኛ ጣት የጥፍር ምልክት የለውም፤ በየአሻራው ፈልገን አጣነው። መዳፉን ወረቀት ላይ አነሣነው፤ ስናጥፈው ቀኙና ግራው ገጠመ። ውሻ ነው።

ትልቁ አሻራ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ከጋራው በኩል ነው። ብቻውን፣ በዝግታ፣ በእርምጃ። የፊቱ ከኋላው ይበልጣል። አንዲት ተማሪዬ ጮኻ ጠራችኝ፤ የጅቡ መዳፍ የውሻውን አሻራ ግማሹን ደፍጥጦት ነበር። በአምስት ቦታ ፈለግን፤ በአምስቱም ቦታ ጅቡ ከላይ፣ ውሻው ከታች ነው። የውሻ እግር በጅብ አሻራ ላይ ያረፈበት አንድም አላገኘንም።

ከሰፈሩ የሉካንዳ ባለቤት ጋር ቆዳዋን ገፈፍን። ጉሮሮዋ ላይ ምንም የለም። የቀኝ የፊት እግሯ፣ ጆሮዋና ጎኗ ከሥር ጠቁሮ ረግቷል። በተሰባበሩት የጎድን አጥንቶች ዙሪያ ግን ደም የለም፤ ሐኪሙ እንዳሉት የገረጣ ነው። ጅቡ የደረሰው ከሞተች በኋላ ነው። ያልጨረሳትም ሰው ለፈጅር ሶላት ሲወጣ ስለደረሰበት ይመስለኛል፤ የመስጊዱ መንገድ የሚያልፈው ከዚያው ጥግ ነው፤ የጅቡም ዱካ ከዚያ ላይ በድንገት ታጥፎ ወደ ጋራው ይሮጣል።

ማታ ሽማግሌዎቹን እዚያው ድረስ እወስዳቸዋለሁ።

---

ጁገል | ሐረር | ረቡዕ፣ ቀን 7:02

አልሐምዱሊላህ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው። እዚህ ውሻው ቀድሞ ሠርቶት ጅቡ ሊሞትበት ነበር።

---

የኤረር እረኛ | ሐረር | ረቡዕ፣ ማታ 12:30

ልጄ፣ አባቴ ቢኖር በትሩን ይሰጥሽ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጥፍር የጎደለውን ውሻ ፈልጊ፤ ግን በሰው ፊት ስም አትጥሪ። በየግቢው በር ላይ አቧራ አለ፤ እርሱ ይነግርሻል።

---

የከዚራ ልጅ | ድሬዳዋ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4:15

መምህርት፣ ነብር ነው ብዬ ቸኩዬ ስለተናገርኩ ይቅርታ። ከትናንት ጀምሮ ይህንን ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩት።

አባባ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜና እሁድ ወጥተን ማደር አስበናል። ወንዙ ውስጥ ያለው አሸዋ ለስላሳ ስለሆነና ዱካም ስላለበት እዚያው ሾላ ሥር ለመተኛት ነው። እሳት እንጨት ከእንጨት ጋር በማፋተግ ለማውጣት፣ ውኃም አሸዋ ቆፍረን ለመጠጣት ነው ሐሳባችን። ምን ይመክሩናል?

---

የኤረር እረኛ | ሐረር | ሐሙስ፣ ቀን 8:00

ልጄ፣ ዱካው ወንዝ ውስጥ አለ፤ እንቅልፍህ ግን ወንዝ ውስጥ አይሁን። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ማንም አይተኛም፤ በበጋም፣ ሰማዩ ጥርት ብሎም ቢሆን። ውኃው የሚመጣው አንተ ካለህበት ሰማይ አይደለም። በላይ በደጋው ይዘንብና አንተ ከዋክብት እየቆጠርክ ሳለ ይደርስብሃል። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ያደረገውን ድሬዳዋ አልረሳውም፤ ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው። የወንዙን ግድግዳ ተመልከት፤ ሣርና ቆሻሻ ተሰክቶ የቀረበት ከፍታ ጎርፉ የደረሰበት ነው። ከዚያ በላይ ወጥተህ ተኛ።

ሾላውን ማየትህ ጥሩ ነው፤ ሾላ ባለበት ከሥሩ ውኃ አለ። ነገር ግን አሸዋ ቆፍሮ መጠጣትን ለመጨረሻ ችግር አስቀምጠው። በእኛ ቆላ ፀሐይ ለአንድ ሰው በቀን ከአራት ሊትር ያላነሰ ውኃ ይዘህ ውጣ። መቆፈሩን ልመድ ካልክ ወንዙ የሚታጠፍበትን የውጪውን ጥግ ቆፍር፤ ውኃው ብቅ ሲል የመጀመሪያውን ጨልፈህ ድፋ፤ ሁለተኛውን አፍላ።

ክብሪት ሁለት ቦታ ያዝ፤ አንዱን በላስቲክ ጠቅልለህ። እንጨት ማፋተግን በቤትህ ግቢ ተለማመድ። አንድ ወር ይፈጅብሃል፤ ብርድና ጨለማ ይዞህ የምትማረው ነገር አይደለም። የወደቀ ደረቅ ግራር ለፍም የሚወዳደረው የለም። ክትክታ እርጥቡም ቢሆን ይያያዛል፤ ግን የቆመ ዛፍ አትቁረጥ። ቁልቋልን አደራ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል፤ እንጨቱንም እሳት ውስጥ አትክተት።

ገመድ ከፈለግህ ቃጫ አለልህ። ቅጠሉን ድንጋይ ላይ ቀጥቅጠህ ሥጋውን በቢላዋ ጀርባ ፍቅ፤ ጭማቂው እጅ ያሳክካልና በውኃ እጠበው። ሲደርቅ ሁለት ዘለላ ክር ያዝ። እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ቀኝ ፍተል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርግ ወደ ግራ ጠምዝዝ። ወደ ቀኝ የተፈተለው ሊፈታ ሲል ወደ ግራ የተጠመዘዘውን ያጠብቀዋል። ገመድ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ክሮች እኩል ቦታ ላይ እንዳያልቁ አንዱን አስረዝመው።

ጠዋት ጫማህን ሳታራግፍ አትልበስ፤ ጊንጥ ያድርበታል። እባብ ቢነድፍ አትቁረጥ፣ አትምጠጥ፣ እግሩንም በገመድ አትሰር። የተነደፈውን ሰው አስተኛው፣ እግሩን እንዳያንቀሳቅስ በእንጨት ደግፈህ ተሸክመህ ወደ ሕክምና ውሰደው። ስለዚህም የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ለእናትህ ሳትነግር እንዳትወጣ።

---

የባቢሌ መንገድ | ሐረር | ሐሙስ፣ ማታ 2:20

እኔ ደግሞ ስለ ዝሆን ልንገራችሁ፤ በዱካ ንባብ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ባለፈው ወር ከጥበቃ ስካውት ጋር በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥ ሄድኩ። መጠለያው የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። የዝሆን የፊት እግር ክብ ነው፣ የኋላው ሞላላ። የፊቱን እግር ዙሪያ በገመድ ለክታችሁ ሁለት እጥፍ ብታደርጉት የትከሻውን ቁመት ያህል ታገኛላችሁ። አለቱ ላይ በቀረው ስስ አቧራ የእግሩ ሥንጥቅ መስመሮች ሳይቀሩ ይታዩ ነበር፤ የሁለት ዝሆን መስመር አንድ አይሆንም። የተቆረጠው የግራር ቅርንጫፍ ገና አልጠወለገም፤ እበቱ መካከሉ ሞቃት ነው። ስካውቱ እጁን አንሥቶ አስቆመን፣ አመድ በትኖ ነፋሱን አየ፣ መልሶን ወሰደን። ዝሆኖቹን አላየናቸውም፤ እነርሱም አላወቁብን። ፎቶዎቹንና ያገኘንበትን ትክክለኛ ቦታ ከሥር አስቀምጫለሁ።

---

ጁገል | ሐረር | ሐሙስ፣ ማታ 2:41

ወንድሜ፣ የጻፍከው ልብ ያሞቃል፤ ቦታውን ግን አሁኑኑ አንሣው። ይህንን የሚያነበው ዱካ ወዳድ ብቻ አይደለም። ለጥርሱ ብሎ የሚያድነው ሰውም ያነባል፤ እርሱ ስካውት ይዞ አይሄድም። ትኩስ ዱካ የት እንዳለ ለሰው ሁሉ መናገር እንስሳውን አሳልፎ መስጠት ነው። ዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ እኛ ደግሞ ለአዳኙ መንገድ አመልካች መሆን የለብንም።

---

የባቢሌ መንገድ | ሐረር | ሐሙስ፣ ማታ 2:58

ልክ ነህ፤ አላሰብኩበትም። አንሥቼዋለሁ፤ ከፎቶዎቹም ላይ የቦታውን መረጃ አጥፍቻለሁ።

---

የከብት ሐኪም | ሐረር | ዓርብ፣ ጠዋት 2:30

ይህ ነገር ለጅብ ጉድጓድና ለነብር ዋሻም ይሠራል። የግልገሎች ጉድጓድ ያገኘ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይራቅ፤ ደጋግሞ መመላለስ እናቲቱን ያስጨንቃል።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ዝንጀሮ ነው ብዬ አምናለሁ። ካባ የለበሱት የቆላ ዝንጀሮዎች ማታ ገደል ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ በቀን ስለሚንቀሳቀሱ አሻራውን ከእንስሳው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የስዊዘርላንዱ ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ በኤረር በኩል ከገደሉ ሥር ጠዋት እየጠበቀ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየተከተለ ነው ኑሯቸውን ያጠናው። የኋላ እግራቸው የሕፃን ልጅ እግር ይመስላል፤ ግን አውራ ጣቱ ወደ ጎን ወጥቷል። ምግብ አትስጧቸው እንጂ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቷቸው።

---

ማለዳ ተጓዥ | ድሬዳዋ | የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ፣ ቀን 9:15

የመጨረሻውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ረቡዕ ማታ 11 ሰዓት ላይ ሰባት ሽማግሌዎች ወንዙ ድረስ መጡ። እኔ ብዙ አልተናገርኩም፤ ተማሪዎቼ በጎን በጎን እየመሩ አሳዩዋቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በልጅነታቸው እረኛ የነበሩ ናቸው። ተንበርክከው የጅቡ መዳፍ በውሻው ላይ ያረፈበትን ለረጅም ጊዜ አዩና «ይህ ከውሻው በኋላ ነው» አሉ። ያን ቃል ከእኔ አፍ ቢሰሙት ኖሮ እንዲህ አይቀበሉትም ነበር። መርዙ በዚያው ቀረ። ፍየሏን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት።

ጥፍር የጎደለውን ውሻ ሐሙስ ጠዋት አገኘነው። ከሰፈሩ ዳር ካለ የዕቃ ማከማቻ ግቢ ሌሊት ሌሊት የሚለቀቅ ነው፤ የግቢው በር አቧራ ላይ ያው የቀኝ እግር፣ ያው የጎደለ ጥፍር። ሽማግሌዎቹ ባለቤቱን ለብቻው አናገሩት። ወረቀት ላይ ያነሣነውን አሻራ ሲያይ አልተከራከረም። ለጎረቤቴ የፍየሏን ዋጋ ከፈለ፤ ውሾቹንም ሌሊት ማሰር ጀምሯል። ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ከቆንጥር እሾህ አጥር አጠሩላት፤ ሦስቱ ፍየሎች አሁን የሚያድሩት ውስጥ ነው።

ተማሪዎቼ አላቆሙም። በየጠዋቱ ትምህርት ሳይጀመር በዚያው ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ አሸዋ ላይ ይሄዳሉ። አንደኛው ደብተር ይይዛል፣ አንዷ ትለካለች። ጅቡ በሰባት ሌሊት አራት ጊዜ አልፏል፤ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ ሁልጊዜ ብቻውን። የጃርት እሾህም አግኝተዋል። በዚሁ ጋራ ላይ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት እንደሆነ ስነግራቸው አንዱ ልጅ እሾኩን በመማሪያ መጽሐፉ መካከል ከተተው። የጥንት ሰዎች በዚያ ዋሻ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጮች ትተው ሄደዋል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ይሆናል። እነዚያም ሰዎች ጠዋት ቁልቁል እያዩ የሌሊቱን እንግዳ ይጠያየቁ እንደነበር አልጠራጠርም።

አባባ፣ አንድ ጥያቄ አለን። ዛሬ ከወንዙ በላይ ባለው አለታማ ጥግ በአለቶቹ መካከል ባለ ደቃቅ አፈር ላይ ትንንሽ ኮቴ አገኘን፤ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ። አጠገቡ አንድ ቦታ የተከመረ በጠጥ አለ። ተማሪዬ እንሹ ነው ትላለች። እኔ ሰስ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ትንንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳት ናቸው።

---

የኤረር እረኛ | ሐረር | ረቡዕ፣ ማታ 12:05

በጠጡን ሁለቱም አንድ ቦታ ስለሚከምሩ እርሱ አይለይላችሁም። የኮቴውን ጫፍ እዩ። ሰስ በጥፍሩ ጫፍ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ አሻራው ድቡልቡልና ደነዝ ነው። የእንሹ ወደ ፊት ይሾላል። በበትር ለክታችኋል?

---

ማለዳ ተጓዥ | ድሬዳዋ | ረቡዕ፣ ማታ 12:20

አልለካንም። ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነን።